መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ መሬቱ ለምን መንሸራተቱን ይቀጥላል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ በ2014 ናፓ ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ካቆመ በኋላም፣ መሬቱ ማንም ሳይሰማው ለወራት ሲንሸራተት እንደነበር አነበብኩ። ጉልበቱ በመንቀጥቀጡ ወጥቶ ካለቀ ከዚያ በኋላ የሚገፋው ምንድን ነው? ሌላ ትልቅ እየመጣ ነው ማለት ነው? እንዲህ ሲሆን ቤት የሚጠገነውስ መቼ ነው? መተሐራም ዘመዶች አሉኝ፤ እዚያም መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ነገሩ አንድ ነው?»

ውድ ጠያቂ፣ በአንድ ደብዳቤ አራት ጥያቄ ነው የላኩልኝ። ግን ሁሉም የሚፈቱት በመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ጉልበቱ አላለቀም። መንቀጥቀጡ ከአንዱ ቦታ ላይ ጭነት አንስቶ ጎረቤቱ ላይ ነው የጫነው።

ፎልት የምንለው አለት ተሰብሮ ለሁለት የተከፈለበትን ገጽ ነው። እኔ እዚህ ስብራት እለዋለሁ። ብዙ ሰው ስብራት ሲባል ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ፣ በአንዴ ቷ ብሎ የሚሄድ ነገር አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም። አንዳንዱ ክፍሉ ለአሥርና ለመቶ ዓመታት ተቆልፎ ይቆይና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይፈናጠራል። ሌላው ክፍሉ ደግሞ መፈናጠር ተፈጥሮው አይደለም፤ ሲገፉት ይሄዳል፣ ግን ዝግ ብሎ። የተቆለፈው ክፍል በድንገት ሲሄድ፣ ያልሄደው ጎረቤቱ ያን ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ስለዚህ እሱም መሄዱ አይቀርም። የሚሄደው ግን በራሱ ፍጥነት ነው። በቀናት፣ በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት። ባለሙያዎች ይህን አፍተርስሊፕ ይሉታል። እኔ «ተከታይ መንሸራተት» እያልኩ ልቀጥል።

ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ሰበቃ ነው። እንቢ ያለ የጠረጴዛ መሳቢያ ያስቡ። ይስቡታል፣ ንቅንቅ አይልም። ኃይል ሲጨምሩ ድንገት ተፈናጥሮ ይወጣል። አንዴ መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚይዘው ሰበቃ ስለሚቀንስ ነው። የሚፈናጠረው የስብራት ክፍል እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በፈጠነ ቁጥር የሚይዘው ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይባስ ይፈጥናል። ዝግ ብሎ የሚሄደው ክፍል ተቃራኒው ነው። ሊፈጥን ሲል ሰበቃው ይጨምርና መልሶ ይይዘዋል። ልጓሙ ከራሱ ጋር ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሳንቲ ሜትር ተንሸራትቶ እንኳ መስኮት የማያንቀጠቅጠው።

ይህ ልጓም ያለው ክፍል የት ነው የሚገኘው? አንደኛው ከላይ ነው። የላይኛው ጥቂት ኪሎ ሜትር አፈርና ሸክላ የበዛበት፣ በደንብ ያልጠነከረ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከታች ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ አለቱም እንደ ላይኛው ተሰባብሮ መፈናጠሩን ይተዋል። በመሐልም እዚህም እዚያም ብቻውን የሚገኝ አለ። ፓርክፊልድ በምትባለው የካሊፎርኒያ መንደር አጠገብ፣ በሳን አንድሪያስ ስብራት ላይ፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ጉድጓድ ተቆፍሮ እ.ኤ.አ በ2007 ከስብራቱ መሐል ናሙና ወጥቷል። በዚያ ያለማቋረጥ ዝግ ብሎ በሚንሸራተተው ክፍል ውስጥ የተገኘው ሳፖናይት የሚባል በጣም የሚያንሸራትት የሸክላ ማዕድን ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈተሽም አይፈናጠርም፤ ፍጥነቱን ሲጨምሩበት ይበልጥ ይይዛል። ለብዙ ዓመት በቀመር ብቻ ሲባል የነበረው በእጅ ተይዞ ታየ ማለት ነው።

ፓርክፊልድን ካነሳሁ ትንሽ እዚያው ልቆይ። ስለዚህ ጉዳይ የምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚያች ጥቂት አባወራ ከሚኖርባት መንደር ነው። እ.ኤ.አ በጁን 1966 በመጠን 6 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ስብራቱን አቋርጦ የሚያልፍ አውራ ጎዳና አለ፣ ቁጥር 46። አስፋልቱ መሐል ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል። ከመንቀጥቀጡ ከሰዓታት በኋላ ሲታይ መስመሩ ስብራቱ ላይ ሲደርስ ቆረጥ ብሎ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ሄዷል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም አይደነቅም ነበር። ግን በየጊዜው እየተመለሱ ሲለኩት ልዩነቱ እየጨመረ ሄደ። ከሳምንታት በኋላም፣ ከወራት በኋላም ይጨምር ነበር። ስቱዋርት ስሚዝና ማክስ ዊስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1968 በጽሑፍ አወጡት። አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ መስመርና አንድ ሜትር፤ ይኸው ነው መሣሪያው።

በዚያው ቦታ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2004 ሌላ በመጠን 6.0 የሆነ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ግን አካባቢው በጂፒኤስና በሌላ መሣሪያ ተሞልቶ ነበር። ውጤቱ ብዙዎቻችንን ያስገረመ ነው። በቀጣዮቹ ወራትና ዓመታት በዝግታ የተንሸራተተው ሁሉ ሲደመር፣ መንቀጥቀጡ በሰከንዶች ከሠራው በለጠ። ይህ ግን የፓርክፊልድ ጸባይ እንጂ የሁሉም አይደለም። ብዙ ጊዜ፣ በተለይ በትልልቆቹ፣ ተከታዩ መንሸራተት ከዋናው ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ናፓ። እሑድ ኦገስት 24 ቀን 2014፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ላይ፣ በመጠን 6.0። የተነሳው ዌስት ናፓ የሚባለው ስብራት ነው። መሬት ላይ የታየው ስንጥቅ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል፤ በወይን እርሻው፣ በአስፋልቱ፣ ብራውንስ ቫሊ በሚባለው ሰፈር ደግሞ በመኖሪያ ቤቶች ሥር ሳይቀር። ሰሜኑና ደቡቡ ግን አንድ አልነበሩም። በሰሜን በኩል አብዛኛው መንሸራተት እዚያው በመንቀጥቀጡ ሰዓት ያለቀ ነው። በደቡብ በኩል ግን ብዙው የመጣው በኋላ፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ አጠቃላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የደረሰበት ቦታ አለ። እስቲ አንድ ነዋሪ ያስቡ። መንቀጥቀጡ ቆሟል፣ ቤቱ አልወደቀም፣ «ተመስገን» ብሎ ተኝቷል። በሳምንቱ የመኪና መግቢያው ስንጥቅ ከነበረበት ሰፍቶ ያገኘዋል። አሁን ደግሞ ምን መጣ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እዚያ የተሠራው ሥራ ግን ደስ ይለኛል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ባለሙያዎች ወዲያው ስብራቱን በሚያቋርጡ መንገዶች ላይ ምስማር በቀጥታ መስመር ደርድረው መቱ፤ ከዚያ እየተመለሱ የምስማሮቹን መስመር በሚሊ ሜትር ለኩ። ከልኬቱም ወደፊት ምን ያህል እንደሚቀር ትንበያ አወጡ። የሰፈሩ ሰዎችና ከተማው ይህን ይዘው ነው ስለ ጥገናው የተነጋገሩት። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ማንም መተንበይ አይችልም። ተከታይ መንሸራተት ግን መተንበይ ይቻላል፤ ይህን ልዩነት ሰው ቢያውቅልኝ እወዳለሁ።

ለምን ይቻላል? ፍጥነቱ የሚቀንሰው በሥርዓት ስለሆነ ነው። ልጓሙ ያለው ክፍል በተንሸራተተ ቁጥር ጭነቱ ይቃለልለታል፤ ጭነቱ በተቃለለ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ውጤቱ በግምት እንዲህ ነው፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ 10ኛው ቀን 2 ሳንቲ ሜትር ከሄደ፣ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ቀን ሌላ 2 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ከ100ኛው እስከ 1,000ኛው ቀን ደግሞ ሌላ 2። ያው መጠን ነው፣ ግን በየጊዜው አሥር እጥፍ ዘመን ይወስድበታል። ጃፓናዊው ፉሳኪቺ ኦሞሪ እ.ኤ.አ በ1894 ተከታይ መንቀጥቀጦች እንዴት እየሳሱ እንደሚሄዱ ሲጽፍ ያገኘው ሕግ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ በ2005 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኒያስ ደሴት ላይ ከደረሰው ታላቅ መንቀጥቀጥ በኋላም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ታይተዋል። በዝግታ የተንሸራተተው መጠንና የተከታይ መንቀጥቀጦቹ ቁጥር አብረው አደጉ። ትንንሾቹን መንቀጥቀጦች የሚጎትታቸው ይኸው ዝግተኛ መንሸራተት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቁ የጥገናው ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዝ፣ መብራትና ውኃ ነው የሚቀድመው። ቤቱ ለመኖር አስጊ ከሆነ መውጣት ነው፤ እዚህ ላይ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ስብራቱን የሚያቋርጥ የውኃ ወይም የጋዝ ቱቦ ሲተካ ግን ግትር ቱቦ አይግጠሙ፤ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ያለው ይሁን። መሬቱ ገና ስለሚሄድ። ልስን፣ ሴራሚክ፣ አዲስ ኮንክሪት ደግሞ ይቆይ። በሁለተኛው ሳምንት የተደፈነ ስንጥቅ በሁለተኛው ወር ተመልሶ ሲከፈት ገንዘቡም ልብም ይባክናል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን ቀሪው ብዙ ዓመት ላይ ስለሚበተን፣ አብዛኛው ቤት ሳይጨነቅ ሊጠገን ይችላል። መሠረቱ ራሱ ስብራቱ ላይ የተቀመጠ ቤት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ መሐንዲስ ይፈልጋል።

መጠበቁን በስሜት ሳይሆን በልኬት ማድረግ ይችላሉ። ኮንክሪት ላይ ከስንጥቁ በአንዱ ወገን ሁለት ምስማር፣ በሌላው ወገን አንድ ምስማር ይምቱ፤ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። እያንዳንዱ ምስማር ራስ ላይ በሹል ነገር ነጥብ ያድርጉ። ሦስቱን ርቀት በብረት ማስመሪያ ወይም በካሊፐር ለክተው ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። በአንድ ወገን ያሉት የሁለቱ ርቀት መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ አለካክዎ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው። ሌሎቹ ሁለት ርቀቶች ደግሞ ስንጥቁ እየሰፋ ነው ወይስ ወደ ጎን እየሄደ ነው የሚለውን ለይተው ይነግሩዎታል። አንድ ምስማር በዚህ አንድ ምስማር በዚያ ብቻ ካደረጉ ይህን መለየት አይችሉም። ልኬቱን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ10ኛው፣ በ30ኛው፣ በ100ኛው ቀን ይድገሙት። ጭማሪው በየእርከኑ ተቀራራቢ ከሆነ ያየነውን ሥርዓት ይዞ እየሄደ ነው። ዝናብና ድርቅ ተከትሎ አንዴ የሚሰፋ አንዴ የሚጠብ ከሆነ ግን ምናልባት ስብራቱ አይደለም። ሸክላ አፈር ሲደርቅ የሚሠራው ነው፤ አገር ቤት ጥቁር አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ሌላ ትልቅ እየመጣ ነው ወይ ላሉት፣ መንሸራተቱ በራሱ ምልክት አይደለም። ናፓ ላይ ለወራት ተንሸራተተ፣ የባሰ አልተከተለም። ፓርክፊልድም እንዲሁ። ግን «ዝግ ብሎ ስለተነፈሰ አደጋው አልፏል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ይህኛውን ይበልጥ እፈራዋለሁ። የተንሸራተተው ክፍል የራሱን ጭነት ሲያቃልል ከጎኑ ያለውን የተቆለፈ ክፍል ይጭነዋል። ቱርክ ላይ ኦገስት 17 ቀን 1999 ኢዝሚት ተመታች። ከ87 ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 12 ቀን፣ ከስብራቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ቀጥላ ያለችው ዱዝጄ በመጠን 7.2 ተመታች። በሁለቱ መካከል በነበሩት ወራት ኢዝሚት ሥር ተከታይ መንሸራተቱ ይሄድ ነበር፤ የዱዝጄን ጭነት ከጨመሩት ነገሮች አንዱ እሱ እንደሆነ ጥናቶች ያሳያሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ መንቀጥቀጥ ሲደርስ በሳምንት ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ የመከተል ዕድሉ ከ20 አንድ ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ብዙ አይደለም፣ ግን ዜሮም አይደለም። ዕድሉ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከዚያ እንደ መንሸራተቱ ሁሉ እየወረደ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ በዝግታ የሚሄደው ስብራቱ ብቻ አይደለም። ከመሬት ቅርፊት ሥር ያለው ማንትል የሚባለው ግለት ያለው አለት በዓመታትና በአሥርት ዓመታት ይፈሳል። በጣም በትልልቆቹ ይህ ጎልቶ ይታያል። ቺሊ ላይ እ.ኤ.አ በ1960 በመጠን 9.5 የደረሰው ያስከተለው እንቅስቃሴ ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ በጂፒኤስ ይለካ ነበር። ጃፓን ማርች 11 ቀን 2011 ስትመታ ደግሞ የኦሺካ ባሕረ ገብ ምድር በቅጽበት 5.3 ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዶ 1.2 ሜትር ወደ ታች ወረደ። የዓሣ ማስገሪያ ወደቦቹ ውኃ ገባባቸው። ስለዚህ የጀልባ ማቆሚያው ኮንክሪት ከፍ ተደርጎ ተሠራ። ከዚያ መሬቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ መልሶ ተነሳ፤ ማቆሚያው ከጀልባው በላይ እየራቀ ዓሣ ማውረድ አስቸገረ። አንዳንዱ ቦታ አዲሱን ኮንክሪት መልሰው ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። ለስብራቱም ለማንትሉም የሚሠራው ምክር አንድ ነው፦ መሬቱ የት እንደሚቆም ሳይሰላ የመጨረሻ ሥራ አይሠራም።

እርስዎ ኦክላንድ ስለሆኑ ሄይዋርድ የሚባለው ስብራት ይመለከትዎታል። በበርክሊ፣ በኦክላንድ፣ በሄይዋርድና በፍሪሞንት ሥር ያልፋል። እ.ኤ.አ በ1868 ትልቅ መንቀጥቀጥ አስነስቷል። ዛሬም ያለ መንቀጥቀጥ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝግ ብሎ ይንሸራተታል፤ የእግረኛ መንገድ ጠርዞች ስብራቱ ላይ ሲደርሱ ተጣመው የሚታዩት ለዚህ ነው። ዝግ ብሎ የሚሄድ ክፍል አለው ማለት ደግሞ ትልቁ ሲመጣ ተከታይ መንሸራተቱም ብዙ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የባርት ባቡር ዋሻ ይህንኑ ስብራት ያቋርጣል። ስለዚህ ከወዲሁ ቤትዎ በስብራቱ ቀጠና ውስጥ መሆን አለመሆኑን የካሊፎርኒያ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ ይፈልጉት። ማንም በነፃ ያየዋል። ቤት ለመግዛት እያሰቡ ከሆነ ደግሞ ሳያዩት አይፈርሙ።

የመተሐራው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እባክዎ የናፓውን ስሌት ወደዚያ አይውሰዱት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱን ሲያናውጥ የከረመው ማግማ ነው። ቅልጥ አለቱ ወደ ላይ ሳይወጣ በጎን አለቱን እየሰነጠቀ ገባ፤ ዳይክ ይባላል። እየገባ ሲሄድ ከላዩ ያሉትን ስብራቶች ገፋቸው፣ መሬቱም ተከፈተ። ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው በመጠን 5.7 ነበር፤ አዲስ አበባም ተሰምቷል። በዚህ ዓይነቱ ላይ መሬቱን የሚገፋው ጭነት አንዴ ተጥሎ የሚቃለል አይደለም። ከሥር አዲስ ማግማ ከመጣ እንደገና ይጫናል። አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ይህን አይተነዋል። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር 2005 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል ርዝመት ያለው ዳይክ ገባ፣ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ከዚያ እስከ 2010 ድረስ 13 ሌሎች ተከተሉ። በመሐሉ ብዙ ወር ጸጥ ያለበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ዘመዶችዎ «ሦስት ወር ሆኖታል፣ እየቀነሰ ነው» ብለው ስንጥቅ ላይ እንዳይሠሩ ይንገሯቸው። ስንጥቅ ለመድፈን የተሻለው ጊዜ በሳተላይት ራዳር ልኬት መሬቱ ማበጡንም መከፈቱንም ማቆሙ ሲረጋገጥ ነው። ይህን የሚከታተሉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችና አብረዋቸው የሚሠሩ የውጭ ተመራማሪዎች ናቸው። እስከዚያው ምስማሩን እነሱም መምታት ይችላሉ፤ ልኬቱ ይጠቅማል። የተረጋጋ ስንጥቅ መንቀጥቀጥ ሳይሰማ መልሶ መስፋት ከጀመረ፣ ወይም ከውስጡ እንፋሎት ሲወጣ ካዩ፣ ለወረዳው ያሳውቁ። ልጆችንና ከብቱን ከአካባቢው ያርቁ፤ እነሱም አጠገቡ አይደሩ።